የአሸዋ ሰዓቱ አርማ፦ ከቃኘው ዘመቻ የተረፈ ጨርቅ በምን ይታወቃል?

ከጦር ሜዳ ታሪክ ተጽፎ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ የአዛዡ ስም፣ የውጊያው ቀንና የወደቁት ሰዎች ቁጥር ነው። ተራው ወታደር ወደ ቤቱ ይዞት የሚመለሰው ግን ከዚህ የተለየና ያነሰ ነው፤ ይኸውም አንድ ሜዳሊያ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፎቶግራፍ፣ የመሰናበቻ ወረቀትና ከልብሱ ትከሻ ላይ የተፈታ፣ መዳፍ የማይሞላ የጥልፍ ጨርቅ ነው። ሜዳሊያው ብረት በመሆኑ ዘመን ይሻገራል። ወረቀቱም የተጻፈበት ስለሆነ ራሱን ይገልጻል። ጨርቁ ግን ስም የለበትም፤ ቀንም የለበትም፤ ስለ እርሱ የሚናገርለት ሌላ ምስክር ይፈልጋል።

በአዲስ አበባ ቴምብር፣ የጥንት ገንዘብና ሜዳሊያ ከሚያጠራቅሙ ሰዎች በአንዱ ስብስብ ውስጥ፣ በቀይ ክብ መደብ ላይ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት የተጠለፈበት የትከሻ አርማ ቢገኝ፣ ባለቤቱ አራት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ይህ አርማ የየትኛው ጦር ነው? መቼ ተሠራ? ማን ለበሰው? እንዴትስ እዚህ ደረሰ? አራቱ ጥያቄዎች አንድ ይምሰሉ እንጂ እያንዳንዳቸው የተለየ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ለመጀመሪያው የሚበቃው ማስረጃ ለሦስተኛው አይበቃም። በዚህ ጉዳይ የሚፈጸመው ስሕተት ሁሉ ከሞላ ጎደል የሚመነጨው ለአንዱ ጥያቄ የተገኘውን መልስ ለአራቱም በመስጠት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አራቱን ጥያቄዎች በየተራ መመልከት ነው። ነገሩ ለሰብሳቢዎች ብቻ የተተወ እንዳይመስል ከወዲሁ መግለጽ የሚገባው ቁም ነገር አለ። ጨርቁ ይዞት የመጣው ታሪክ በቂርቆስና በካዛንቺስ አካባቢ ከሚገኙ ስፍራዎች ጋር የተሳሰረ ነው። ታሪኩ ጠፍቶ ጨርቁ ብቻውን እንዲቀር የሚያደርገው ሁኔታም በዚሁ አካባቢ በቅርብ ዓመታት በግልጽ ታይቷል።

ከለገሃር የተነሣው ሻለቃ

ቂርቆስ ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ደግሞ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» በወረራው ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት የስም ምህጻር ነው። ሁለቱ ቃላት በከተማው ሕዝብ አንደበት ተዋሕደው የሰፈር ስም ሆኑ። በዚሁ ክፍለ ከተማ ክልል፣ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ባቡር ጣቢያ ይገኛል። የቃኘው ሻለቃ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ያደረገው ጉዞ የተጀመረው ከዚህ ነው።

እንደሚታወቀው የኮሪያ ጦርነት የተጀመረው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለአባል አገሮች ጥሪ ባደረገ ጊዜ ኢትዮጵያ ጦር ከላኩት አገሮች አንዷ ሆነች። በ1928 ዓ.ም. በጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ያቀረበችው አቤቱታ ሰሚ ያጣባት አገር፣ የጋራ ደኅንነት የሚለው ቃል በሥራ እንዲታይ መፈለጓ የሚያስደንቅ አልነበረም። ለዘመቻው የተመረጡት መኰንኖችና ወታደሮች ከክብር ዘበኛ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜም የክብር ዘበኛ አዛዥ ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ። ሻለቃው የተሰየመው በራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው፤ ራስ መኰንን «አባ ቃኘው» ይባሉ ነበርና።

በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው አንደኛው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ። ከዚያም በአሜሪካ የጦር ማጓጓዣ መርከብ ተሳፍሮ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። በ1944 ዓ.ም. በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ የሚመራው ሁለተኛው ሻለቃ፣ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ የሚመራው ሦስተኛው ሻለቃ ተተኩ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ተተኪ ጦር መላኩ ቀጠለ። በደቡብ ኮሪያ መንግሥት መዝገብ መሠረት ከስምምነቱ በኋላ የሄዱትን ጨምሮ በጠቅላላው 6,037 ኢትዮጵያውያን ዘምተዋል። ከ120 በላይ ሲሞቱ 536 ቆስለዋል። በጠላት እጅ የተማረከ አንድም ሰው አልነበረም።

እነዚህ ሻለቆች ለብቻቸው የተሰለፉ አልነበሩም። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ በ32ኛው እግረኛ ሬጂመንት ውስጥ ተመድበው ተዋጉ። መሣሪያቸውም ሆነ የጦር ሜዳ ልብሳቸው ከአሜሪካ ጦር የተሰጣቸው ነበር። በግራ ትከሻቸው ላይ የተሰፋው ምልክትም የዚሁ ክፍለ ጦር ምልክት ነበር። የአሸዋ ሰዓቱ አርማ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ምልክቱ የሚናገረው

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለትም አርማው የየትኛው ጦር ነው የሚለው፣ በምልክቱ ይመለሳል። የትከሻ አርማ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የተስፋፋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ክፍለ ጦሮች በፈረንሳይ መሬት ላይ ተደባልቀው ሲዋጉ ወታደሮቻቸውን ከሩቅ ለይቶ የሚያሳውቅ ምልክት አስፈለጋቸው። 7ኛው ክፍለ ጦር ያን ጊዜ የመረጠው ሥዕል ከቁጥሩ የተወሰደ ነው። አንድ 7 ቁጥር ቀጥ ብሎ፣ ሌላው 7 ደግሞ ተገልብጦ ሲጋጠሙ ጫፍ ለጫፍ የተነካኩ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ይሆናሉ፤ ይህም የአሸዋ ሰዓት ይመስላል። መደቡ ቀይ፣ ሥዕሉ ጥቁር ነው።

እንግዲህ ሰብሳቢው ይህን ሥዕል ካየ አርማው የ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ነው ለማለት ይችላል። ከዚህ አልፎ «የቃኘው አርማ ነው» ቢል ግን ማስረጃው ከሚፈቅድለት በላይ ተናግሯል። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ ምልክቱ ዘመን አይለይም። ክፍለ ጦሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአቱ፣ በክዋጃሌን፣ በሌይቴና በኦኪናዋ ደሴቶች ሲዋጋ ይህንኑ አርማ ለብሷል። እስከ እ.ኤ.አ. 1971 በኮሪያ ምድር ሲቆይ፣ በ1974 በካሊፎርኒያ እንደገና ሲቋቋም፣ እንደገናም ፈርሶ በ2012 የጠቅላይ መምሪያው ስም ሲመለስ ሥዕሉ ያው ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሥዕል ያላቸው አርማዎች ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሲሠሩ ኖረዋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ምልክቱ አገር አይለይም። በዚሁ ክፍለ ጦር ሥር የተሰለፉት አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን ብቻ አልነበሩም። የኮሎምቢያ ሻለቃ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ31ኛው ሬጂመንት ውስጥ ተመድቦ ነበር፤ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ተደባልቀው ያገለገሉ ኮሪያውያን ወታደሮችም ነበሩ። ከአዲስ አበባ የሄደው ዘማችና ከቦጎታ የመጣው ዘማች በትከሻቸው አንድ ዓይነት ጨርቅ ሊይዙ ይችሉ ነበር።

ሦስተኛ፣ ምልክቱ ሰውን አይለይም። አርማ ከመጋዘን በብዛት የሚወጣ ዕቃ ነው። የመታወቂያ ቁጥር አልተጻፈበትም፤ የባለቤቱ ስምም አልተጠለፈበትም።

በአጭሩ፣ ሥዕሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ በማያሻማ ሁኔታ ሲመልስ ሦስቱን ቀሪ ጥያቄዎች እንዳሉ ይተዋቸዋል።

ጨርቁ የሚናገረው

ሁለተኛው ጥያቄ፣ መቼ ተሠራ የሚለው፣ የቁሳቁስ ምርመራ ይጠይቃል። መሐንዲሶች በሙያቸው የለመዱት አሠራር የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መታወስ ያለበት ግን ምርመራው የሚካሄደው በአንድ ናሙና ላይ መሆኑ ነው። የኮንክሪት ናሙና በመሣሪያ ተጨፍልቆ የሚመረመረው ሌላ ናሙና ስላለ ነው። ከቤተሰብ ሣጥን የወጣ አርማ ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ ክሩን በእሳት ለኩሶ ሽታውን መመርመር፣ ምንም እንኳ ጥጥን ከሱፍ፣ ሱፍንም ከናይለን ለመለየት የሚያስችል የታወቀ ዘዴ ቢሆን፣ በዚህ ቦታ አይፈቀድም። የሚፈቀደው ዕቃውን ሳይጎዱ ማየት ብቻ ነው።

በማጉያ መነጽር ሲታይ መጀመሪያ የሚመረመረው ጠርዙ ነው። እስከ ኮሪያ ጦርነት ዘመን ድረስ የተሠሩት የአሜሪካ አርማዎች በጥልፍ መኪና ከተጠለፉ በኋላ በዳር በዳራቸው በመቀስ የተቆረጡ ናቸው፤ ስለዚህ ጠርዛቸው ስስ ነው፤ አልፎ አልፎም የተፈታ ክር ይታይበታል። ዳሩን እንደ ገመድ ወፍራም አድርጎ በክር የሚጠቀልለው የጠርዝ ስፌት በአርማዎች ላይ የተለመደው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ውስጥ ነው። ስለሆነም ጠርዙ በወፍራሙ የተጠቀለለ አርማ ቢገኝ አንደኛው ቃኘው ይዞት ሊመለስ እንደማይችል ያለ ብዙ ክርክር ይታወቃል። ጀርባው ላይ የሚጣበቅ የቬልክሮ ጨርቅ ያለበት ከሆነማ የዚህ የያዝነው ምዕተ ዓመት ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። እንዲሁም ቀዩ ቀለም ቀርቶ በወይራ አረንጓዴና በጥቁር ብቻ የተጠለፈ ቢሆን፣ የደበዘዙ አርማዎች በውጊያ ልብስ ላይ የተለመዱት ከቬትናም ጦርነት ወዲህ በመሆኑ፣ ይህም ከኮሪያ ዘመን ውጭ ነው።

ቀጥሎ የሚመረመረው ክሩ ነው። የጥጥ ክር ድብዝዝ፣ የሬዮን ክር ደግሞ አንጸባራቂ ነው፤ ሁለቱም በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያገለግሉ ነበር። ፖሊስተር በብሪታንያ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሆን በገበያ የተስፋፋው ግን ከጦርነቱ በኋላ ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ በሙሉ በፖሊስተር ክር የተጠለፈ አርማ ከኮሪያ ዘመን ነው ቢባል ሊያጠራጥር ይገባል። በዚህ ረገድ ባንኮችና ሱቆች የገንዘብ ኖት ለመመርመር የሚጠቀሙበት የአልትራቫዮሌት መብራት ይጠቅማል። ለአዳዲስ ክሮች ንጣት የሚሰጠው ኬሚካል በዚህ መብራት ሥር ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ያልተነከረው የቀድሞ ጥጥ ግን አያበራም። ነገር ግን ይኸው ኬሚካል በልብስ ሳሙና ውስጥም ስለሚገባ፣ ጥንታዊው አርማ በቅርብ ዓመታት በኦሞ ታጥቦ ከነበረ እርሱም ያበራል። ማብራቱ ብቻውን ሐሰተኛነቱን አያረጋግጥም፤ አለማብራቱም ብቻውን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም።

ሦስተኛው የሚመረመረው የአገልግሎት ምልክት ነው። በልብስ ላይ ተሰፍቶ የነበረ አርማ በዙሪያው የመርፌ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ አንዳንዴም የተሰፋበት ክር ቅሪት አለበት። ፊቱ በፀሐይ ሲደበዝዝ ጀርባው ቀለሙን እንደያዘ ይቀራል። ፊቱና ጀርባው እኩል የደበዘዘ አርማ በትከሻ ላይ ሳይሆን በሌላ ዘዴ እንዳረጀ ያስጠረጥራል። በዳሩ አንድም የመርፌ ቀዳዳ የሌለው አርማ ደግሞ ከመጋዘን የወጣ እንጂ የተለበሰ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚደረስበት መደምደሚያ ጠባብ ነው። አርማው ተቆርጦ የተሠራ ጠርዝ፣ የጥጥ ወይም የሬዮን ክር፣ የመርፌ ቀዳዳና በፊቱ ብቻ የደበዘዘ ቀለም ካለው፣ በኮሪያ ጦርነት ዘመን ሊለበስ ይችል ነበር ይባላል። «ይችል ነበር» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ክብደት አለው። በ1944 እ.ኤ.አ. ለፓስፊክ ጦርነት የተሠራው አርማና በ1951 ለኮሪያ የወጣው አርማ በአሠራር የሚለያዩበት ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ከጦርነቱ የተረፈ የመጋዘን ዕቃም በኋለኛው ጦርነት ያገለግላል። በመሆኑም የቁሳቁስ ምርመራ ሐሰተኛውን ያስወግዳል እንጂ እውነተኛውን በስሙ አይጠራም። መሐንዲስ የወደቀውን ናሙና በእርግጠኝነት ውድቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ያለፈው ናሙና ግን ያለፈው የተደረገለትን ፈተና ብቻ ነው።

አብረውት የሚገኙት የሚናገሩት

ማን ለበሰው የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ በጨርቁ ውስጥ መልስ የለውም። መልሱ ያለው አብሮት በተቀመጠው ነገር ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ጠቃሚው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው። ይህ ሜዳሊያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1950 ሲሆን ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ የተፈራረቁባቸው 17 መስመሮች አሉት። የሜዳሊያው ልዩ ጠባይ በየዘማቹ አገር ቋንቋ የተዘጋጀ መሆኑ ነው። የእንግሊዝኛ፣ የፈረንሳይኛ፣ የቱርክ፣ የግሪክ፣ የታይ፣ የስፓኝና የሌሎችም ቋንቋዎች ቅጂ አለው፤ ከእነዚህም አንዱ የአማርኛው ነው። በፊደል የተጻፈበት የኮሪያ ሜዳሊያ ለኢትዮጵያ ጦር ብቻ የተሠራ ነው። ኮሎምቢያዊው ዘማች የስፓኝኛውን፣ አሜሪካዊው የእንግሊዝኛውን ይዟል። እንግዲህ የአሸዋ ሰዓቱ ጨርቅና የአማርኛው ሜዳሊያ ከአንድ ሣጥን፣ ከአንድ ቤተሰብ እጅ ከወጡ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሆነው ለየብቻቸው ሊናገሩት የማይችሉትን ይናገራሉ። ጨርቁ «7ኛ ክፍለ ጦር» ይላል፤ ሜዳሊያው «ኢትዮጵያዊ» ይላል። በአሜሪካው 7ኛ ክፍለ ጦር ውስጥ የነበረ ኢትዮጵያዊ የኮሪያ ዘማች ማለት ደግሞ ቃኘው ማለት ነው።

ከሜዳሊያው ቀጥሎ የሚመጣው ፎቶግራፍ ነው። በዘመቻው ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ የዘማቹ ግራ ትከሻ ከታየ፣ አርማው የተሰፋበት ቦታና አቅጣጫ ሊነጻጸር ይችላል። የፎቶግራፉ ጀርባም ከፊቱ ያላነሰ ይመረመራል፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ በቀለም የተጻፈ ቀን ወይም የጓደኛ ስም በዚያ ይገኛልና። የመሰናበቻ ወረቀት፣ የደመወዝ ደብተርና ወደ ቤተሰብ የተላከ ደብዳቤ ሻለቃውን ከነቁጥሩ ሊጠቅሱ ይችላሉ። አንደኛው፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቃኘው የሚለው ልዩነት ከጨርቁ ፈጽሞ የማይገኝ ሲሆን ከአንዲት መስመር ጽሑፍ ግን ወዲያው ይገኛል።

የመጨረሻው ምስክር የሰው ቃል ነው። የዘማቹ ባለቤት፣ ልጅ ወይም ጎረቤት «ይህን ከኮሪያ ሲመለስ ከልብሱ ፈትቶ አስቀመጠው» ቢሉ፣ ቃሉ ከላብራቶሪ ውጤት ያነሰ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። እርግጥ የሰው ትዝታ ይሳሳታል፤ ዓመተ ምሕረት ይደበላልቃል፤ ኮሪያን ከኮንጎ ያቀያይራል። ኢትዮጵያ ከ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ወደ ኮንጎም ጦር ስለላከች፣ በሁለቱም የዘመተ ሰው ዕቃው በአንድ ሣጥን ተደባልቆ ሊገኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ስሕተት ከሌሎቹ ማስረጃዎች ጋር በማነጻጸር ይታረማል። ያልተመዘገበ ቃል ግን ሊታረም እንኳ አይችልም፤ ከተናጋሪው ጋር አብሮ ይሞታል።

ስለ ምን ብርቅ ሆነ?

በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የለበሱት አርማ በአገሩ ውስጥ ብርቅ የሆነው በጨርቅነቱ ብቻ አይደለም። እርግጥ የጦር ልብስ ይቀደዳል፤ ለሥራ ይለበሳል፤ ለልጅ ይጠብባል። ነገር ግን ከዚህ በተጨማሪ ሁለት የታሪክ ማዕበሎች የቃኘውን ቅርሶች ጠራርገዋል፤ ሦስተኛውም ደርሷል።

የመጀመሪያው ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ነው። ሙከራውን የመራው የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ስለነበር፣ ከመክሸፉ በኋላ ክብር ዘበኛ ተበትኖ እንደገና እንዲደራጅ ተደረገ። ቃኘውን መልምለው የላኩት ሙሉጌታ ቡሊ ራሳቸው በዚያው ሳምንት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት ባለ ሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። የኮሪያ ዘማቾች የወጡበት ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ የክብር ስም ከመሆን የጥርጣሬ ስም ወደ መሆን ተለወጠ።

ሁለተኛው የ1966ቱ አብዮት ነው። የዘውዱ ሥርዓት ወድቆ ደርግ ሥልጣን ከያዘና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ከተመሠረተ በኋላ፣ ከደቡብ ኮሪያ ጎን ተሰልፎ መዋጋት የሚያኮራ ታሪክ መሆኑ ቀረ። በ1977 ዓ.ም. በቸርችል ጎዳና የተመረቀው የትግላችን ሐውልት የተሠራው በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ ነበር። ቀድሞ ከሰሜን ኮሪያ ጦር ጋር የተዋጋ ሰው በዚያ ዘመን ሜዳሊያውን ግድግዳ ላይ ሊሰቅል የሚደፍርበት ምክንያት አልነበረም። ሜዳሊያ ይቀበራል፤ ፎቶግራፍ ከፍራሽ ሥር ይገባል፤ የባዕድ ጦር ምልክት ያለበት ጨርቅ ግን ለመጣልም ሆነ ለማቃጠል ቀላል ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈ የአሸዋ ሰዓት አርማ እንዲያው የተረፈ ሳይሆን አንድ ሰው አስቦ የደበቀው ሊሆን ይችላል። ይህም ራሱ የታሪኩ ክፍል ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ስለ አባሎቹ በአደባባይ ለመናገር ቻለ፤ በአዲስ አበባ በአፍንጮ በር አካባቢ የመታሰቢያ ፓርክ ተሠራ፤ በደቡብ ኮሪያም በቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፈተ። ነገር ግን ክብሩ ሲመለስ ዘማቾቹ አርጅተው ነበር። ዕቃዎቹን የሚያውቁት እጆች እያነሱ ሄዱ።

ሦስተኛው ማዕበል የፖለቲካ ሳይሆን የግንባታ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ወደ ካዛንቺስ ሲደርስ የቆዩት ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። የአንድ ሰፈር መታደስ ጥቅምና ጉዳት የሌላ ጽሑፍ ርእስ ነው። ለዚህ ርእስ የሚያስፈልገው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰው ቤት ሲለቅ ሣጥን ይከፍታል። ለአርባ ወይም ለሃምሳ ዓመት ያልተነካ ሣጥን በአንድ ቀን ተከፍቶ የሚወሰደውና የሚጣለው ይለያል። ሜዳሊያው ብረት ስለሆነ ለገበያ ይወጣል፤ የዘማቹ ልጅ ፎቶግራፉን ይወስዳል፤ ወረቀቱ ይጣላል፤ ጨርቁ ደግሞ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ከተገኘ ለሰብሳቢ ይሸጣል። እያንዳንዱ ዕቃ በየፊናው ሊተርፍ ይችላል። አብረው ሲሆኑ ብቻ ይናገሩት የነበረው ነገር ግን ይጠፋል። አራተኛው ጥያቄ፣ እንዴት እዚህ ደረሰ የሚለው፣ ከዚያች ቀን በኋላ መልስ አይኖረውም።

ይህ መለያየት በዋጋ ረገድም ግልጽ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ ያልታወቀ የ7ኛ ክፍለ ጦር አርማ በአሜሪካ ገበያ በቀላሉ የሚገኝ ተራ ዕቃ ነው። በአንድ የታወቀ ኢትዮጵያዊ ዘማች የተለበሰው፣ ከነሜዳሊያውና ከነፎቶግራፉ የተገኘው ግን ብርቅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በክሩ ውስጥ የለም። ልዩነቱ ያለው ጨርቁን ከሰውዬው ጋር በሚያያይዘው የማስረጃ ሰንሰለት ውስጥ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ ከተበጠሰ ማንም ባለሙያ፣ የትኛውም መሣሪያ አይቀጥለውም።

ከባለሙያው የሚጠበቀው

የማኅበሩ አባላት ሥራ ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ቤት ከመፍረሱ በፊት ልኬት የሚወስደው፣ የካሣ ግምት የሚያወጣው፣ የማፍረሱን ሥራ የሚቆጣጠረው መሐንዲስ ነው። ሣጥኑ በሚከፈትበት ሰዓት በስፍራው ከሚገኙት ጥቂት የተማሩ ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። የቅርስ ባለሙያ እንዲሆን አይጠየቅም፤ ጥቂት ነገሮችን ቢያውቅ ይበቃል።

መጀመሪያ፣ አብረው የተገኙ ዕቃዎች እንዳይለያዩ ለባለቤቶቹ መምከር ይገባል። ከማንኛውም ነገር በፊት ዕቃዎቹ በተገኙበት ሁኔታ፣ በመጠን ማሳያ ማስመሪያ ጎን፣ በፊትና በጀርባ ፎቶግራፍ ይነሡ። ሁለተኛ፣ ጨርቅ አይታጠብ፤ አይተኮስ፤ በሙጫ አይለጠፍ። ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል ተዘርግቶ ይቀመጥ። የላስቲክ ከረጢት እርጥበት ስለሚይዝ ለረጅም ጊዜ አይመከርም። ሦስተኛ፣ የቤተሰቡ ቃል በተነገረበት አኳኋን ከነቀኑ ይጻፍ፤ ተናጋሪው ራሱ ያየውና ከሌላ የሰማው ለየብቻ ይመዝገብ። አራተኛ፣ ቤተሰቡ ዕቃውን ለማኖር ካልቻለ ከገበያ በፊት የሚጠየቁ ቦታዎች እንዳሉ ይነገረው፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ተቋምና የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር በዚሁ ከተማ ይገኛሉ። ዕቃው የባለቤቱ ነው፤ መሸጥም መስጠትም መብቱ ነው። ከመሸጡ በፊት ምን እንደያዘ ማወቁ ግን የሁሉም ጥቅም ነው።

ሰብሳቢውም የራሱ ድርሻ አለበት። አንድ አርማ ሲገዛ ከማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ሰፈር እንደገዛና አብሮት ምን እንደነበረ በደብተሩ ይጻፍ። ያልተረጋገጠውን «የቃኘው» ብሎ ከመሰየም «7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፤ ከኮሪያ ጦርነት ዘመን ጋር የሚስማማ፤ ባለቤቱ ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ለስብስቡ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። እንዲህ የተጻፈ መግለጫ ነገ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ሊታረም ይችላል። በግምት የተሰጠ ትልቅ ስም ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንደ እውነት ይቆጠራል፤ እውነተኛው የዘማች ቅርስ በተገኘ ጊዜም ከሐሰተኛው ጋር ተደባልቆ ይታያል።

ከለገሃር ተነሥተው ወደማያውቁት ብርድ የሄዱት ወታደሮች ጓዶቻቸውን በጠላት እጅ ላለመተው በብርቱ ይጠነቀቁ እንደነበር ስለዚያ ጦርነት የጻፉት የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ መስክረውላቸዋል። ከእነርሱ የተረፈውን ጥቂት ዕቃ ከነስማቸው ማቆየት ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ሥራ ነው። የሚጠይቀው አንድ እርሳስ፣ አንድ ንጹሕ ወረቀትና ሣጥኑ በተከፈተበት ሰዓት የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ነው።